የማይገኘው ጥቅስ

ተማሪዎቿ «ማስረጃ» ነው የሚሏት። ስሙን ማን እንዳወጣላት አይታወቅም፤ ያወጣው ሰው ግን አልተሳሳተም። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሥነ ጽሑፍ ስታስተምር፣ «ይህ ገጸ ባሕርይ ክፉ ነው» ያላትን ተማሪ «የት ላይ? ስንተኛው ገጽ?» ሳትል አሳልፋው አታውቅም። ደራሲው የጻፈውን ትተው ከሆዳቸው የሚፈበርኩ ልጆች ደሟን ያፈሉታል። እንዲህ ያለ ነገር ስታገኝ ቀይ እስክሪብቶዋን ታነሳና ዳር ላይ «ከየት አመጣኸው? ጽሑፉ ላይ የለም» ብላ ሁለት ነጥብ ትቀንሳለች። በሃያ ስድስት ዓመት ከዚህች ዓረፍተ ነገር ሌላ ምንም አልጻፈችም ብንል ብዙም አልዋሸንም።

ካርድ በሚሰጥበት ዕለት እኩለ ቀን ላይ መምህራን ክፍል ተቀምጣ የመጨረሻዋን የፈተና ወረቀት እያረመች ነበር። ጥያቄውን ያወጣችው ራሷ ናት፦ «መድረክ ላይ አንድም ጊዜ የማትወጣዋን ገጸ ባሕርይ ተንትኑ። ሦስት ጥቅስ አምጡ፤ ተናጋሪውንም ጻፉ።» ክፍል ውስጥ ባነበቡት ተውኔት አንዲት አያት አለች። እናትና ሁለት ወንዶች ልጆቿ ሳሎን ተቀምጠው ስለ እሷ ያወራሉ፤ «ታማለች፣ ሰው ማየት አትፈልግም» ይላሉ፤ አያቲቱ ግን መጋረጃው እስኪዘጋ ድረስ አትታይም።

የወረቀቱ ባለቤት የሆነችው ልጅ ሁለቱን ጥቅሶች በትክክል አምጥታለች። ሦስተኛው እንዲህ ይላል፦ «መቀርቀሪያው ከውጭ ነው። ስገባ አልታመምኩም ነበር፤ አሁን ግን መታመም ጀምሬያለሁ።» ከሥሩ፣ ልክ እንደተማረችው፣ ተናጋሪው ተጽፏል፦ እህት።

ማስረጃ ተውኔቱን በቃሏ ልትወጣው ምንም አልቀራትም። እንዲያም ሆኖ መጽሐፉን ከፍታ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ገጽ በጣቷ እየተከተለች ፈለገች። መቀርቀሪያ የሚል የለም። ደግሞስ የምን እህት? ተውኔቱ ውስጥ እህት የምትባል ሰው አልተፈጠረችም። ቀይ እስክሪብቶዋን አነሳችና «ከየት አመ» ብላ ጽፋ እጇ ቆመ። ይህንኑ ነገር ለዚህችው ልጅ ከዚህ በፊት ጽፋላት ነበር።

ተነስታ ቁም ሳጥኑን ከፈተች፤ የልጅቷንም የቤት ሥራ ደብተር ከክምሩ ውስጥ መዝዛ አወጣች። መጀመሪያ ላይ ስለ አንድ አውቶቡስ ነጂ የሚያወራው አጭር ልቦለድ ትንተና አለ። እዚያ መሃል፦ «መስኮቱ በቆርቆሮ ስለተመታ ቀንና ሌሊቱን የምለየው በድምፅ ነው።» ተናጋሪ፦ እህት። ዳር ላይ በቀይ፦ «ከየት አመጣሽው? ጽሑፉ ላይ የለም። −2።» ከዚያ የግጥም ትንተና፦ «ዝናቡን እሰማዋለሁ እንጂ አላየሁትም። ሁለት ክረምት አልፎኛል።» እህት። −2። ከዚያ ከአንድ ረጅም ልቦለድ የተወሰደ ምዕራፍ፦ «ግድግዳውን በማንኪያ ሦስት ጊዜ ስመታ ውሃ ማለቴ ነው።» እህት። እዚህኛው ላይ ማስረጃ ተናዳ ኖሮ ቀዩ መስመር ወረቀቱን ሊቀደው ደርሶ ነበር።

አራቱን ዓረፍተ ነገሮች በአንድ ነጭ ወረቀት ላይ ከላይ ወደ ታች ገለበጠቻቸው። ገልብጣ ስትጨርስ ከላይ ጀምራ ደግማ አነበበቻቸው።

ልጅቷ የፋርማሲስቱ ታናሽ ልጅ ናት። ታላቅየዋንም ያስተማረቻት ማስረጃ ናት፤ እንዲያውም ጥቅስ ፍለጋ ላይ መምህሯን የምትቀድም ተማሪ እሷ ብቻ ነበረች። ከሁለት ዓመት በፊት በትምህርቱ ዘመን አጋማሽ ላይ ድንገት ቀረችና ውጭ አገር አጎቷ ዘንድ ሄደች ተባለ። የነገራት ራሱ አባትየው ነው። ማስረጃ «እንኳን ደስ ያለዎት» ብላ፣ ሳትሰናበተኝ ሄደች የሚለውን ቅሬታዋን ሆድ ይፍጀው ብላ ተወችው። ጥያቄ የማያልቅባት ሴት ያን ቀን አንድም ጥያቄ አልጠየቀችም።

ክፍሉ ጥግ ላይ ጋሼ ግጥም ካርድ ይሞላሉ። ጡረታ ሊወጡ አንድ ዓመት የቀራቸው የግጥም መምህር ናቸው፤ ቅጽል ስሙን ያገኙት ግጥም ስለሚያስተምሩ ሳይሆን ያገኙትን ሰው አስቁመው ስለሚያነቡለት ነው።

«ጋሼ፣ እስቲ ይህቺን ይዩልኝ» አለች ወረቀቱን እያቀበለቻቸው። «ማን ነው የሚናገረው?»

ጋሼ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው አነበቡ። «አንዲት ሴት ናት። ወጣት። ከአንድ ክፍል ሳትወጣ ዓመት አልፏታል። የዘጋባት ሰው ቤት ውስጥ ያለ ነው፤ ውሃ የምትጠይቀው ሰው አላትና። ጥሩ አድርጎ ነው የሳላት። የማን ድርሰት ነው?»

«የፋርማሲስቱ ልጅ ጥቅሶች ናቸው። ከአራት የተለያየ ሥራ አመጣሁ ብላ የጻፈቻቸው። በአራቱም ውስጥ የሉም።»

ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ። «ደራሲውንና ተራኪውን አታምታቱ እያልሽ የኖርሽው አንቺ አይደለሽም እንዴ? ልጅ ናት፤ ፈጠረች። ማቄን ጨርቄን ሳትዪ ሁለት ነጥብሽን ቀንሺና ተገላገይ።»

«የሚፈጥር ልጅ ድምፁን ይቀያይራል ጋሼ። ይህቺ ግን በአምስት ወር ውስጥ አንዲት ቃል አልተዛነፈችም። ቆርቆሮው፣ ክረምቱ፣ ማንኪያው፣ መቀርቀሪያው፣ ሁሉም አንድ ክፍል ውስጥ ናቸው።»

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል።» ቀለዱ እንጂ አልሳቁም። ቀጥለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሰውየው ለእናትሽ ያደረገውን አስቢ። የሰውን ገመና መንካት ቀላል ነገር አይደለም፤ ተሳስተሽ ከሆነ በምን ዓይንሽ ታዪዋለሽ?»

እሱን እሷም አልረሳችውም። የእናቷ የደም ግፊት መድኃኒት ከገበያ በጠፋ ጊዜ ለሌላ ሰው ሳይሸጥ ደብቆ አቆይቶ በየወሩ በእጁ የሚያመጣላት እሱ ነው። ማስረጃ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ማስረጃ እንዳይገኝ ተመኘች። ነገር ግን የትምህርት ቤቱን ደንብ ታውቃለች፤ ስምንት ሰዓት ላይ ወላጅ ይመጣል፣ የልጁን የፈተና ወረቀት አንብቦ ይፈርማል። አባትየው ያቺን ዓረፍተ ነገር ሊያነባት ነው። ከነገ ጀምሮ ደግሞ ትምህርት ቤቱ ለሁለት ወር ይዘጋል። ልጅቷን ከሜዳ አስጠራቻት።

ቀጭን ልጅ ናት፤ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። በሩ አጠገብ ቆማ ጫማዋን ታያለች።

«ሦስተኛውን ጥቅስ ከየት አመጣሽው?»

«ቲቸር፣ እርስዎ ሁልጊዜ እንደዚያ ብለው ይጽፋሉ» አለች ልጅቷ ቀና ሳትል። «መልሱን የምጽፍበት ቦታ ግን ትተውልኝ አያውቁም።»

ጋሼ ግጥም እስክሪብቶአቸውን አስቀመጡ። ማስረጃ ወንበር ስባ ልጅቷን አስቀመጠቻት፤ እሷም አጠገቧ ተቀመጠች። «አሁን መልሽልኝ» አለቻት።

ልጅቷ መለሰች፤ ለብዙ ጊዜ ያጠናችው ይመስል ሳትደነቃቀፍ። እናታቸው ከሞተች ወዲህ ቤቱን የምትይዘው የአባቷ እህት ናት። አባቷ ለታላቅየዋ ባል አጨላት፤ አላገባም አለች። እስክታስብበት ለአንድ ሳምንት ብሎ የኋላውን ክፍል ቆለፈባት። በሳምንቱ የሙሽራው ወገን ሽማግሌዎች መልሱን ሊጠይቁ ሲመጡ አፍሮ «ውጭ አገር ሄዳለች» አላቸው።

«ከዚያ በኋላማ ሊከፍት አይችልም» አለች ማስረጃ ለራሷ። ይሄ ሰው አሁን የሚጠብቀው ልጁን አይደለም፤ ቃሉን ነው። ለተማሪዎቿ ስንት ጊዜ ነግራቸዋለች፤ ክፉ ሰው ክፉ ነኝ ብሎ አያምንም፣ ምን እንደሚፈራ ፈልጉ እያለች።

«ለሰው አልተናገርሽም?»

«ለጎረቤታችን ነግሬ ነበር። እሳቸው ለአባዬ ነገሩት። መስኮቱ በቆርቆሮ የተመታው ያኔ ነው።» ልጅቷ ቀና አለች። «ጥቅሶቹን በበሩ ሥር የምትነግረኝ እህቴ ናት። ‹መምህሯ ምንጩን ያላወቀችው ጥቅስ እንቅልፍ አይሰጣትም፤ ትፈልገኛለች› አለችኝ። እኔ ደግሞ ስመለስ ሁለት ነጥብ ተቀነሰብኝ እላታለሁ።»

ማስረጃ ቀይ እስክሪብቶዋን ከደነችው።

«ፈተናውን አባትሽ እንደሚያነበው እያወቅሽ ነው የጻፍሽው?»

«ሌላ የቤት ሥራ አልቀረም። ደግሞ ድምፅዋ እየቀነሰ ነው ቲቸር። አሁን ማንኪያውንም አንድ ጊዜ ብቻ ነው የምትመታው።»

በሩ ተንኳኳና ሳይፈቀድለት ተከፈተ። ፋርማሲስቱ ነበር። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ ጢሙን ተላጭቶ፣ በእጁ ትንሽ ፌስታል ይዟል። የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢ ስለሆነ አዳራሹ ሳይሞላ ቀድሞ ይመጣል።

«እንደምን ዋሉ እህቴ። የእማማን መድኃኒት ይዤ መጥቻለሁ፤ የዚህን ወር።» ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ያስቀመጠው በልጁ የፈተና ወረቀት ላይ ነው። ከዚያ ልጁን አየና ፈገግ አለ። «አንቺ ደግሞ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«የቃል ፈተና ላይ ናት» አለች ማስረጃ። ድምፅዋ እንደወትሮው ደረቅ ሆኖ ስለወጣላት ፈጣሪዋን በልቧ አመሰገነች።

«ጥሩ። እንግዲያው ወረቀቷን አሁኑኑ ልፈርምና ልገላገል። በኋላ ወረፋ ነው።»

«ሁለተኛ አራሚ አላየውም። ሳያየው ለወላጅ አይሰጥም።»

«የልጄ ወረቀት አይደል እንዴ? ባየው ምን አለው?» ፌስታሉን አነሳ። ማስረጃ መነጽሯን የምትፈልግ መስላ ክንዷን ወረቀቱ ላይ ጣለች። ከክንዷ ሥር ያመለጠችው ያቺ ያልተጨረሰች ቀይ ጽሑፍ ብቻ ናት፦ «ከየት አመ»። ሰውየው አንገቱን ዘንበል አድርጎ አነበባት።

«ምን አጥፍታ ነው?»

«ጥቅስ አሳስታለች።»

«የቱ ላይ?»

የራሷ ጥያቄ ነበር፤ እንዲህ እንደሚያስጨንቅ እስከዚያች ሰዓት አታውቅም። «ሦስተኛው ላይ» አለች። «መጽሐፉ ውስጥ የሌለ ነገር ጽፋለች።»

ፋርማሲስቱ ሳቅ አለ። «ይህቺ ልጅ ስትፈጥር አትቻልም። ቤትም እንደዚሁ ናት፤ አንዳንዴ የምታወራውን ቢሰሙ ለሰሚው ግራ ነው።» ይህን ሲል ልጁን ያያት ነበር። ልጅቷ ሁለት እጇን ጉልበቷ መሃል ደበቀች።

ማስረጃ የመጨረሻውን ማስረጃ ልትፈልግ ቆረጠች። «ታላቅየዋ እንዴት ናት?» አለችው፣ እንደ ዋዛ። «ሰምቼም አላውቅ።»

«እግዜር ይመስገን፣ በጣም ደህና ናት። ትናንት እንኳ ደውላ ነበር፤ እርስዎንም ሰላም በልልኝ ብላኛለች። ድምፅዋ እዚህ ያለች ያህል ጥርት ብሎ ነው የሚሰማው።»

ተውኔት ላይ የሚዋሽ ሰው የሚታወቀው ማንም ያልጠየቀውን አንድ ነገር ሲጨምር ነው። ማስረጃ ይህንን ለሃያ ስድስት ዓመት አስተምራለች፤ ለካ እሷም ገና እየተማረች ነበር። «ሰላም በሉልኝ» አለችው።

የአዳራሹ ደወል ተደወለ። ሰውየው ሰዓቱን አየ። «ሽልማቱን ሰጥቼ ስጨርስ እመለሳለሁ። ወረቀቱን ያዘጋጁልኝ፤ ልጄንም ይዣት እሄዳለሁ።» በሩን በቀስታ ዘግቶ ወጣ። ሁሉን ነገር በቀስታ የሚያደርግ ሰው ነው።

ጋሼ ግጥም ወንበራቸውን ገፍተው ተነሱና ኮታቸውን ቆለፉ።

«ሽልማቱ ከመሰጠቱ በፊት ግጥም አነባለሁ» አሉ።

«የትኛውን?»

«ረጅሙን።»

ረጅሙን የማያውቅ መምህር የለም። አምና ሲያነቡት አርባኛው አንጓ ላይ ርእሰ መምህሩ መብራት የጠፋ አስመስለው ድምፅ ማጉያውን አስነቅለዋል። ማስረጃ ደብተሩንና ወረቀቱን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፤ የልጅቷን እጅ ያዘች፤ በኋላ በር በኩል ወጡ። የመድኃኒቱ ፌስታል ጠረጴዛው ላይ ቀረ።

ፖሊስ ጣቢያው ሁለት መንገድ ተሻግሮ ነው። ተረኛዋ ሴት ሳጅን ደብተሩን አገላብጣ፣ ወረቀቱን አንብባ፣ ማስረጃን ከእግር እስከ ራሷ አየቻት።

«ይሄ ፈተና አይደለም እንዴ?»

«ነው።»

«ድርሰት ይዞ ሊከስ የመጣ ሰው ዛሬ ገና ማየቴ ነው።»

«ውሸት ሆኖ ከተገኘ ልጅቷን አትጠይቋት። እኔን እሰሪኝ፤ መታወቂያዬ ይኸው።» ማስረጃ መታወቂያዋን ጠረጴዛው ላይ አደረገች። ሰዓቱን አየች፤ ጋሼ እስካሁን ሃያኛው አንጓ ላይ ደርሰው ይሆናል። አባትየው ልጁ እንደሌለች ካወቀ በመኪና ቤቱ ለመድረስ አምስት ደቂቃ ይበቃዋል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን ብላ ፈራች፤ ፍርሃቷን ደግሞ አልደበቀችም። «እባክሽ እህቴ፣ ቶሎ እንሂድ» አለቻት።

ሳጅኗ ወደ ልጅቷ ዞረች። «መቀርቀሪያው ምን ዓይነት ነው?»

«ረጅም ብረት ነው። በቀኝ በኩል። ሲሳብ ይጮህ ነበር፤ አባዬ ግን ዘይት ይቀባዋል።»

ሳጅኗ ሌላ ጥያቄ አልጨመረችም። ቆቧን አነሳችና አንድ ፖሊስ ጠርታ ወጣች።

የግቢውን በር የከፈተችው አክስቲቱ ናት። «ወንድሜ የለም» አለች። የደንብ ልብሱን ስታይ ምን ፈለጋችሁ እንኳ አላለችም፤ ጥላቸው ወደ ውስጥ ተመለሰችና ወጥ ቤቱ ደፍ ላይ ቁጭ አለች። «እኔ ምግብ ብቻ ነው የማቀብላት» አለች፣ ማንም ሳይጠይቃት። ደግማም አለችው።

ሳሎኑ ንጹሕ ነው። ግድግዳው ላይ የሁለቱ እህቶች ፎቶግራፍ ተሰቅሏል፤ መስታወቱ ላይ አቧራ የለም። ከሳሎኑ ጀርባ ጠባብ ኮሪደር አለ፤ ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ በር አለ፤ በሩ ላይ፣ በቀኝ በኩል፣ ረጅም ብረት አለ። ዘይት ስለጠገበ ያብለጨልጫል። ማስረጃ ቆማ አየችው። ለአምስት ወር በየገጹ ሲነገራት የኖረ ነገር ነው፤ ሁለት ሁለት ነጥብ ስትቀንስበት የኖረችው።

ሳጅኗ ልትቀድማት ስትል ማስረጃ በእጇ አገደቻት። በሩን ሦስት ጊዜ በጣቷ መታችው።

ምንም የለም። ኮሪደሩ ውስጥ የሚሰማው የአክስቲቱ ማጉረምረም ብቻ ነበር። ከዚያ ከውስጥ፣ ከበሩ ግርጌ አካባቢ፣ ብረት እንጨት ሲነካ ተሰማ። አንድ ጊዜ። ጥቂት ቆይቶ ሌላ። ሦስተኛው በጣም ዘግይቶ መጣ።

«ማን ነው?» አለ ድምፁ። ማስረጃ ታውቀዋለች፤ ክፍል ውስጥ «ቲቸር፣ ገጽ ሠላሳ ሁለት ላይ አለ» እያለ የሚቀድማት ድምፅ ነው። አሁን ግን ከክር ቀጥኗል።

ልጅቷ ወለሉ ላይ ተንበርክካ አፏን ወደ በሩ ሥር አስጠጋች።

«ቲቸር ናት» አለቻት። «ጥቅሱን አገኘችው።»

ከውስጥ ማንኪያው ወለሉ ላይ ሲቀመጥ ተሰማ።

«በስንተኛው?»

«በአራተኛው» አለች ልጅቷ።

ማስረጃ ብረቱን በሁለት እጇ ይዛ ሳበችው።